ደካማ የሚባለው አሲድ እንዴት አጥንት ድረስ ይዘልቃል?

አቼቶ ደካማ አሲድ ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ጠንካራ ነው። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም፤ አንዱ ሰላጣ ላይ ይፈሳል፣ ሌላው ሱሪ ይበሳል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ይህ አሲድ መስታወት ይበላል። እጅ ላይ ቢፈስ ቆዳውን አልፎ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሰው የገደለበት ጊዜም አለ። በኬሚስትሪ ምደባ ግን እሱም ከአቼቶ ጋር "ደካማ" ተብሎ ተቀምጧል።

ምደባው ትክክል ነው። ኬሚስት "ጠንካራ" ሲል ስለ አደጋ እያወራ አይደለም። ፈሳሹ ወፍራም ነው ወይስ በውሃ የቀጠነ ነው ማለቱም አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅኑን ምን ያህል ይለቃል? መልሱ በአንድ ቁጥር ይገለጻል። ብዙዎቻችን ቁጥሩን ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ነው። በእኔ ግምት ግን ከዚያ ሁሉ የኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ውስጥ ለኑሯችን በጣም የሚቀርበው እሱ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከስዊድን ነው። ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ። ጨው፣ አሲድና ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) የተሟሙበት ውሃ ለምን ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ሊያስረዳ ነበር የፈለገው። በቀጣዮቹ ዓመታት አብስሎ ያወጣው መልስ ይህ ነው፦ ሞለኪውሎቹ ውሃ ውስጥ ቻርጅ ወደ ተሸከሙ ቁርጥራጮች፣ ማለትም ወደ አዮኖች፣ ይለያያሉ። ፈታኞቹ በጽሑፉ ብዙም አልተደነቁም፤ ለጥቂት የማለፊያ ውጤት ሰጡት። ሪጋ ላይ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ኦስትዋልድ ግን ጽሑፉ ሲደርሰው ነገሩ ወዲያው ገባው። እሱ ራሱ አሲዶች ምን ያህል ፈጥነው እንደሚሠሩ ሲለካ ቆይቷል። የሁለቱ ልኬቶች ገጠሙ። አሬኒየስ በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። ጨጓራችን የሚያመነጨው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅኑን በሙሉ ይለቃል ማለት ይቻላል። ሙሉ ሞለኪውል ሆኖ የሚቀር በጭራሽ አይገኝም። ስለዚህ ጠንካራ ነው። አቼቶን አቼቶ ያደረገው አሴቲክ አሲድ እንዲህ አይደለም። የተወሰነው ይለቃል፣ የለቀቀውን መልሶ ይይዛል፣ እንደገና ይለቃል። ምሳ ሰዓት ላይ የሞላ ካፌ አስቡ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ የተቀመጠው ሰው ብዛት ግን ያው ነው። አሴቲክ አሲድ ውስጥም የተለያየውና ያልተለያየው መጠን አንድ ቦታ ላይ ይረጋል እንጂ እንቅስቃሴው አይቆምም።

የሚረጋበትን ቦታ የሚነግረን ቁጥር ኬኤ ይባላል፤ የመለያየት ቋሚ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የተለቀቀውን የሃይድሮጅን አዮን መጠን ሃይድሮጅኑን ባጣው ቁራጭ መጠን አባዙት። ውጤቱን ሳይለያይ ለቀረው አሲድ አካፍሉት። ለአሴቲክ አሲድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መልሱ 0.0000175 ገደማ ነው።

"ቋሚ" የተባለበት ምክንያት ውሃ ስንጨምር ይታያል። በሊትር 0.1 ሞል (ሞል ኬሚስቶች ሞለኪውል የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) አሴቲክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ የተለያየው ከ100 ሞለኪውል 1.3 ያህሉ ብቻ ነው። አሥር እጥፍ አቅጥኑት፤ 4.1 ከመቶ ይሆናል። አሁንም አሥር እጥፍ አቅጥኑት፤ ወደ 12 ከመቶ ይጠጋል። አሲዱ እየቀጠነ ሲሄድ የሚለያየው ድርሻ እየጨመረ ነው። ግር ይላል፤ ግን ቁርጥራጮቹ ተራርቀዋልና መልሰው የሚገናኙበት ዕድል ቀንሷል። በሦስቱም ፈሳሾች ውስጥ ኬኤን ብታሰሉት ያው 0.0000175 ነው። ኦስትዋልድ በ1888 ይህንን ሕግ አድርጎ ጻፈው። ቁጥሩ የሞለኪውሉ ጠባይ ነው፤ የብርጭቆው አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። "ደካማ አሲድ ትንሽ ሃይድሮጅን ስለሚለቅ እሱን ለማርከስ ትንሽ ቤዝ ይበቃል" የሚል። አይበቃም። እኩል መጠንና እኩል ውፍረት ያላቸውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድና አሴቲክ አሲድ አስቀምጡ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ለማርከስ የሚያስፈልገው ኮስቲክ ሶዳ እኩል ነው። ቤዙ የተለቀቀውን ሃይድሮጅን ባነሳ ቁጥር ደካማው አሲድ ሌላ ይለቃል፤ እስኪያልቅ ድረስ። ደካማ አሲድ ድሃ አሲድ አይደለም፤ እጁ አይፈታም እንጂ ያለው ያው ነው።

0.0000175 እያሉ መጻፍ ያሰለቻል። ስለዚህ ኬሚስቶች በሎጋሪዝም አሳጠሩትና ፒኬኤ አሉት። የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ 4.76 ነው። ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። ፒኬኤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይጠነክራል። የ1 ልዩነት ደግሞ አሥር እጥፍ ማለት ነው። የእርጎና የቡሆ ኮምጣጣነት ዋና ምንጭ የሆነው ላክቲክ አሲድ 3.86 ነው፤ ከአሴቲክ አሲድ ስምንት እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ የሚለቃቸው ሃይድሮጅኖች ሦስት ስለሆኑ ሦስት ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያው 3.13 ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ 3.17 ላይ ይቀመጣል፤ ከሎሚ ጎን ማለት ነው።

ጠንካሮቹ ከ0 በታች ይወርዳሉ። ውሃ ውስጥ ግን እርስ በርስ አይበላለጡም። ሃይድሮክሎሪክ፣ ናይትሪክና ፐርክሎሪክ አሲድ ሁሉም ሃይድሮጅናቸውን ለውሃው አስረክበው ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሃይድሮጅኑን የተቀበለው ውሃ ነው። ልዩነታቸውን ለማየት ሃይድሮጅን ለመቀበል የማይቸኩል ሌላ ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ንጹህ አሴቲክ አሲድ። እዚያ ውስጥ ፐርክሎሪክ አሲድ ሁለቱን በግልጽ ይበልጣል።

አንዱ ለምን ይለቃል፣ ሌላው ለምን ይሰስታል? ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ላይ መልሱ በአብዛኛው የትስስር ጉዳይ ነው፤ ሃይድሮጅንና ፍሎሪን በጣም አጥብቀው ይያያዛሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ የጎረቤት ነገር ነው። አሴቲክ አሲድ ላይ ከካርቦን ጋር ከተያያዙት ሃይድሮጅኖች አንዱን በክሎሪን ብትተኩ ፒኬኤው ከ4.76 ወደ 2.86 ይወርዳል። በሦስት ክሎሪን ስትተኩ ከ1 በታች ይሆናል። ክሎሪን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ሃይድሮጅኑን ያጣው ቁራጭ የሚሸከመው ቻርጅ ይቀልለታል። ሦስት ክሎሪን ያለውን አሲድ የቆዳ ሐኪሞች ቆዳ ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ለማቃጠል ይጠቀሙበታል።

እስካሁን ፒኤችን ሆን ብዬ አላነሳሁም። ሁለቱ ይምታታሉና። ፒኤች ዕቃው ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሁን ስንት የሃይድሮጅን አዮን እንዳለው ይነግራል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አዮኑ ይበዛል። በ1909 ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሶረንሰን የሚባል ኬሚስት ነው ያወጣው። ውሃ ስትጨምሩ ይለወጣል፣ ሎሚ ስትጨምሩ ይለወጣል። ፒኬኤ ግን የሞለኪውሉ መታወቂያ ነው። (ፒኤች ከ0 እስከ 14 ብቻ ነው ብለው ያስተማሩን ሰዎችም ዳሎልን አላዩም። ደናክል ውስጥ ያሉት የዳሎል ኩሬዎች 0 አካባቢ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከ0 በታች ይወርዳሉ።)

የሁለቱ ጥቅም የሚታየው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። የፈሳሹ ፒኤች ከአሲዱ ፒኬኤ ጋር እኩል ከሆነ አሲዱ እኩል ለእኩል ይከፈላል፤ ግማሹ ሙሉ ሞለኪውል፣ ግማሹ አዮን። ፒኤች በ1 ከፍ ካለ ለአንድ ሙሉ ሞለኪውል አሥር አዮን ይኖራል። በ2 ከፍ ካለ መቶ። ዝቅ ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይኸው ነው። ሌላ ቀመር አያስፈልገንም።

ይህ መከፋፈል ለሰውነት ትልቅ ትርጉም አለው። የሕዋስ ሽፋን ከስብ ነገር የተሠራ ነው። ቻርጅ የተሸከመ አዮን በራሱ ጊዜ ሊያልፈው አይችልም ማለት ይቻላል። ቻርጅ የሌለው ትንሽ ሞለኪውል ግን ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ደካማ አሲድ ጠንካራው የማያገኘው በር ይከፈትለታል።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን አስፈሪ ያደረገው ይህ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲፈስ ያገኘውን ላይ ላዩን ያቃጥላል፤ ሕመሙ ወዲያው ነው፣ ሰው ሮጦ ይታጠባል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ግን አብዛኛው ሙሉ ሞለኪውል ስለሆነ ቆዳውን ያልፋል። ቀጠን ያለ ከሆነ ለሰዓታት ላያም ይችላል። ውስጥ ሲደርስ ፒኤቹ ከፍ ያለ ነውና ይለያያል፤ ሃይድሮጅኑን ያጣው ቁራጭ፣ ማለትም ፍሎራይዱ፣ የሰውነትን ካልሲየም እየያዘ ያስቀምጠዋል። ካልሲየም ሲጠፋ ልብ ምቷን ታዛባለች። ሐኪሞች ከእጥበት በኋላ ካልሲየም ግሉኮኔት የሚሰጡት ለፍሎራይዱ ሌላ የሚይዘው ካልሲየም ለማቅረብ ነው። ዝገት ማስለቀቂያ ወይም መስታወት ማደብዘዣ ኬሚካል የሚይዝ ሰው ዕቃው ላይ ይህ ስም ካለ ጓንቱን አይቀልድበት።

ይኸው ፍሎራይድ ወደ እኛ ሀገርም ይመጣል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው የበለዘ ጥርስን ከማንም በላይ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በጣም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ውሃው ግን አያቃጥልም፣ አይኮመጥጥም። ፒኤቹ 8 አካባቢ ከሆነ፣ ፒኬኤው 3.17 የሆነው አሲድ ሙሉ በሙሉ ተለያይቶ ነው የሚገኘው። ሙሉ ሞለኪውል ሆኖ የቀረው ከ60,000 አንዱ እንኳ አይሆንም። ጠጥተነው ጨጓራ ሲደርስ ሁኔታው ይለወጣል። የጨጓራ ፒኤች 2 ቢሆን ከ90 በመቶ በላዩ ተመልሶ ሙሉ ሞለኪውል ይሆናል፣ ግድግዳውን ያልፋል። ደም ውስጥ ሲገባ ፒኤቹ 7.4 ነውና እንደገና ፍሎራይድ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ አጥንትና ወደሚያድግ ጥርስ ይሄዳል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ጨጓራውን አያቃጥልም፤ ዓመታት ሲጠራቀም ግን ይታያል።

የእንጀራ ሻጋታም በዚሁ ሕግ ይገባናል። የእንጀራ ፒኤች 4 አካባቢ ነው። ብዙ ባክቴሪያ ይህን አይወድም፤ ሻጋታ ግን ኮምጣጣ ነገር ብዙም አያስጨንቀውም። በሦስተኛ በአራተኛው ቀን አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ይላል። ምግብ አምራቾች ሻጋታን ለማዘግየት ከሚጨምሯቸው ነገሮች አንዱ ሶዲየም ቤንዞኤት ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሻጋታው ሕዋስ ውስጥ የሚገባው ቤንዞኤቱ አይደለም፤ ከእሱ የሚገኘው ቻርጅ የሌለው ቤንዞይክ አሲድ ነው። ፒኬኤው 4.2 ነው። ፒኤች 4 ላይ ከ60 በመቶ የሚበልጠው ሙሉ ሞለኪውል ነው፤ ይሠራል። ፒኤቹ 5.5 በሆነ ዳቦ ላይ ግን 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪዎች ፒኬኤው 4.87 የሆነውን የፕሮፒዮኒክ አሲድ ጨው ይመርጣሉ። ወተት ላይ ቤንዞኤት ቢጨመር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ሙሉ ሞለኪውል ሆኖ የሚገኘው ከመቶ አንዱም አይሆንም።

ቤዞች መስተዋት ውስጥ እንደታዩ አሲዶች ናቸው፤ እነሱ ሃይድሮጅን ይቀበላሉ። በ1923 ዴንማርካዊው ብሮንስቴድና እንግሊዛዊው ሎውሪ ለየብቻቸው ነገሩን እንዲህ አስቀመጡት፦ አሲድ ሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ነው፣ ቤዝ የሚቀበል። አሞኒያ አንድ ሲቀበል አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየም ደግሞ በተራው አሲድ ነው፣ ፒኬኤውም 9.25 ነው። ስለዚህ ለቤዝ የግድ ሌላ ሰንጠረዥ መያዝ አያስፈልግም፤ ሃይድሮጅን የያዘውን ጓደኛውን ፒኬኤ ማየት ይበቃል። እዚህ ግን ትልቅ ቁጥር ማለት ጠንካራ ቤዝ ማለት ነው። ቻርጁም ይገለበጣል፦ ሃይድሮጅን የያዘው ቻርጅ አለው፣ ያልያዘው የለውም።

የጥርስ ሐኪም የሚወጋን ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ እንዲህ ያለ ቤዝ ነው። ፒኬኤው 7.9 ገደማ ነው። ጤነኛ ሥጋ ፒኤቹ 7.4 ነው፤ እዚያ ከመድኃኒቱ ሩብ የሚጠጋው ቻርጅ የሌለው ነው። ነርቩ ውስጥ የሚገባው ይህ ሩብ ነው። ከገባ በኋላ ውስጥ ሃይድሮጅን ይቀበልና ቻርጅ ተሸክሞ የሕመሙን መልእክት ያግዳል። ድዱ አብጦ መግል ሲይዝ ግን አካባቢው ኮምጣጣ ይሆናል። ፒኤቹ 6.4 ቢወርድ ቻርጅ የሌለው ድርሻ ከሩብ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። መድኃኒቱ እዚያው ነው፣ በሩ ላይ ቆሟል፣ አይገባም። "ሁለቴ ወጉኝ፣ አልደነዘዘም" የሚል ሰው ምናልባት እያጋነነ አይደለም። በእርግጥ እብጠቱ ራሱ ነርቩን ያስቆጣዋል፣ ደሙም መድኃኒቱን ቶሎ ያጥበዋል፤ የፒኤቹ ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች አንዳንዴ ከእብጠቱ ራቅ ብለው የሚወጉት። አንዳንዶች ደግሞ ማደንዘዣው ውስጥ ባይካርቦኔት ይጨምራሉ፤ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርገው ቶሎ ይሠራል፣ ሲወጋም ማቃጠሉ ይቀንሳል።

በረኪና የመጨረሻው ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ እንዳይበላሽ ፒኤቹ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል። ጀርም በደንብ የሚገድለው ግን ሃይፖክሎራይቱ ሳይሆን ሃይድሮጅን የያዘው ጓደኛው፣ ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው። ቻርጅ ስለሌለው የጀርሙን ግድግዳ ያልፋል። ፒኬኤው 7.5 ነው። ስለዚህ ፒኤቹ 7 የሆነ ውሃ ውስጥ ሦስት አራተኛው ገዳዩ ዓይነት ነው፤ 8.5 በሆነ ውሃ ውስጥ ግን 9 በመቶ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃ በክሎሪን ሲታከም ፒኤቹ ከ8 በታች እንዲሆን የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይም ይላል።

ታዲያ አቼቶ ጠብ አድርጌበት ፒኤቹን ባወርደውስ? እንዳታደርጉት። ፒኤቹ በጣም ሲወርድ ሃይፖክሎረስ አሲዱ በረኪናው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ተገናኝቶ ክሎሪን ጋዝ ይሆናል፤ በ1915 ኢፕር በተባለው የቤልጂየም ጦር ግንባር ወታደሮችን የፈጀው ጋዝ ማለት ነው። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከአቼቶም የባሰ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ጋዙ በአንዴ ይወጣል። ሁለቱ በስህተት ከተቀላቀሉ ለማጽዳት አትሞክሩ፤ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።